ከሥር የሰደደ ውጥረትና ከሥራ ዝለት ለማገገም የትኛው መንገድ ይቅደም? የንጽጽር መመሪያ

ለወራት ወይም ለዓመታት በውጥረት ውስጥ የቆየ ሰው «ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ መፍትሔ ፍለጋ ሲነሣ ብዙ ምክር በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። አንዱ ፈቃድ ውሰድ ይለዋል፤ ሌላው ስፖርት ሥራ፣ ሦስተኛው ተመስጦ ጀምር፣ አራተኛው ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ሂድ ይለዋል፤ አምስተኛው ደግሞ ከዕፅዋት የተዘጋጀ እንክብል ይዞለት ይመጣል። ሁሉም «ሁለንተናዊ» የሚል ስም ስለተሰጣቸው አንዱን ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ አማራጮቹን መርምሮ ለመወሰን የሚያስፈልገው የማሰብ ኃይል ራሱ በዝለቱ የተሟጠጠ መሆኑ ነው። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው፣ እንዲሁም እርሱን ለማገዝ ለሚሹ ቤተሰቦችና የሥራ ኃላፊዎች ነው።

የሰውን አካል፣ አእምሮ፣ ሥራና ማኅበራዊ ሕይወት በአንድነት ማየት ተገቢ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለማስተካከል መነሣት ግን በደከመ ሰው ላይ ሌላ የሥራ ዝርዝር መጫን ነው። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ከሁሉ በላይ የሚያተኩረው በቅደም ተከተል ላይ ነው፤ ማለትም የትኛው አማራጭ ቢቀድም ሌሎቹን እንደሚያቀልል፣ የትኛውስ ካለ ጊዜው ቢጀመር እንደሚያባክን ያሳያል።

የምንነጋገረው ስለምን ዓይነት ድካም ነው?

አስቸኳይ ነገር ሲገጥመን አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ኮርቲሶል የተባለው ሌላው ሆርሞን ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ አድርጎ ለጡንቻና ለአንጎል ኃይል ያቀርባል። ጉዳዩ ሲያልፍ ሁለቱም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። ጉዳት የሚጀምረው ይህ መመለሻ ሲጠፋ ነው። ሃንስ ሰልዬ በ1936 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ሰውነት ጫና ሲገጥመው በመጀመሪያ እንደሚደነግጥ፣ ቀጥሎ እንደሚቋቋም፣ ጫናው ካላቆመ ግን በመጨረሻ እንደሚዝል ገልጿል። ብሩስ ማክዩንና ኤልየት ስቴላር በ1993 ይህን ሐሳብ አስፋፍተው፣ ተደጋጋሚ ውጥረት በሰውነት ላይ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ሸክም እንደሚያስከትል አብራርተዋል።

በርንአውት በመባል የሚታወቀውን የሥራ ዝለት በሙያ ጽሑፍ ቀድሞ የገለጸው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በ1974 ሲሆን፣ በኋላም ክሪስቲና ማስላክ መለኪያ አዘጋጅታለታለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ላይ ሦስት ምልክቶችን አስቀምጧል፤ እነርሱም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራ በሐሳብ መራቅ ወይም ለሥራው ጥላቻና ጨለምተኝነት ማደር፣ እንዲሁም በሥራ ውጤታማ መሆን አለመቻል ናቸው። ድርጅቱ ሁኔታውን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ ብሎ እንዳልመደበው ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምንጩም በአግባቡ ያልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት እንደሆነ አመልክቷል። ይህ ለምርጫችን ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ምንጩ ሥራው ውስጥ ከሆነ፣ ሥራውን ጨርሶ የማይነካ የማገገሚያ ዘዴ ምንም ያህል ቢያረጋጋ ግማሽ መፍትሔ ነው። ምደባው የሥራ ቦታን ብቻ የሚመለከት ቢሆንም፣ ታማሚ ቤተሰብን ለዓመታት የሚያስታምሙ ሰዎች የሚደርስባቸው ድካም በብዙ መልኩ ተመሳሳይ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገር ለእነርሱም ያገለግላል።

ከሁሉ በፊት የሕክምና ምርመራ

የማያቋርጥ ድካም የብዙ በሽታዎች ምልክት ነው። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ የስኳር በሽታ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥ፣ እንዲሁም አንዳንድ መድኃኒቶች ዝለትን የሚመስል ሁኔታ ይፈጥራሉ። የታይሮይድ ዕጢው በአግባቡ የማይሠራ ሰው ወራትን በተመስጦ ቢያሳልፍ የሚያተርፈው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ለሳምንታት የዘለቀ ድካም ያለበት ሰው ማንኛውንም አማራጭ ከመምረጡ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መሠረታዊ የደም ምርመራ ቢያደርግ ወጪውም ጊዜውም ይቆጠብለታል።

ሁለተኛው መለየት ያለበት ነገር የድባቴ ሕመም ነው። ዝለት ብዙውን ጊዜ በሥራው ዙሪያ ይጀምራል፤ ሰውየው ከሥራ ሲርቅ ቢያንስ በጥቂቱ ይፍታታል፣ ደስ የሚሉት ነገሮችም ይኖራሉ። ድባቴ ግን የሕይወትን ዘርፍ ሁሉ ያዳርሳል፤ ቀድሞ ያስደስት የነበረው ሁሉ ይቀዘቅዛል፣ ራስን መውቀስና ተስፋ መቁረጥ ይበረታል። ሁለቱ አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ ልዩነቱን ባለሙያ ቢያረጋግጠው ይሻላል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ የደረት ሕመም ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ካለ ግን ይህን ጽሑፍ አንብቦ እስኪጨርሱ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን የሕክምና ዕርዳታ ማግኘት ይገባል።

የምንመዝንባቸው መስፈርቶች

የመጀመሪያው መስፈርት አማራጩ የሚሠራው የት ላይ ነው የሚለው ነው። አንዳንዱ የውጥረቱን ምንጭ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ ሰውነት ለውጥረቱ የሚሰጠውን ምላሽ ያረጋጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ የተጎዳውን አቅም ይጠግናል። ሁለተኛው የማስረጃው ጥንካሬ ነው፤ በብዙ ሰዎች ላይ ተነጻጽሮ የተፈተነን ነገር በጥቂት ሰዎች ላይ ለጥቂት ሳምንታት ከተሞከረው መለየት ያስፈልጋል። የገንዘብ ወጪ፣ ለውጥ እስኪታይ የሚወስደው ጊዜና ሊያስከትል የሚችለው ጉዳትም እንደየክብደታቸው ይታያሉ።

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ግን በብዙ መመሪያዎች የሚዘነጋውን መስፈርት ነው፤ እርሱም አማራጩ ከሰውየው የሚጠይቀው አቅም ነው። ጠዋት ከአልጋ መነሣት ላቃተው ሰው በየቀኑ የአንድ ሰዓት ልምምድ የሚጠይቅ ፕሮግራም፣ በነጻ ቢሰጥም እንኳ፣ ውድ ነው። ጀምሮ ሲያቋርጠው ደግሞ «ይህንንም አልቻልኩም» የሚል ተጨማሪ ቁስል ያተርፋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ አማራጭ ላይ ዝቅተኛው መነሻ ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት ተሞክሯል።

እንቅልፍን ማስተካከል

በእኔ እምነት ለአብዛኛው ሰው ይህ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይገባል። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ስሜትን መግዛት ያቅተዋል፣ ትኩረቱ ይበታተናል፣ ትንሹን ችግር አግዝፎ ያያል፤ በዚህ ላይ የሚጨመር ማንኛውም ሕክምናና ልምምድ ከሚገባው በታች ይሠራል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሐኪሞች ማኅበርና የእንቅልፍ ጥናት ማኅበር በ2015 በጋራ ባወጡት ምክር፣ አዋቂ ሰው በመደበኛነት በየሌሊቱ 7 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መተኛት እንዳለበት ገልጸዋል።

ችግሩ ግን የዛለ ሰው «ተኛ» ስለተባለ አለመተኛቱ ነው። አካሉ ደክሞ ሳለ የነርቭ ሥርዓቱ ንቁ ሆኖ ይቆያል፤ አልጋው ላይ ሲጋደም የቀኑ ጉዳይ ሁሉ ይመጣበታል። እዚህ ላይ ሦስት አማራጮች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው አጠቃላይ የእንቅልፍ ንጽሕና የሚባለው ምክር ነው፤ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ክፍል፣ ከመኝታ በፊት ስልክን ማራቅ፣ ካፌይንን መቀነስ። ካፌይን በአማካይ በ5 ሰዓት ውስጥ ግማሹ ብቻ ከሰውነት ስለሚወጣ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከተወሰደው ግማሽ ያህሉ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ገና በሥራ ላይ ነው። አልኮልም እንቅልፍን ቶሎ ያመጣ ይመስላል እንጂ የሌሊቱን ሁለተኛ ክፍል ይቆራርጠዋል። ይህ ምክር ነጻና ምንም ጉዳት የሌለው ቢሆንም፣ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን በቂ አይሆንም።

ሁለተኛው ለእንቅልፍ ማጣት የተዘጋጀው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ነው፤ ይህም ያለ መድኃኒት፣ ችግሩን የሚያባብሱ ሐሳቦችንና ልማዶችን በመለወጥ የሚሠራ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ላለባቸው አዋቂዎች ሁሉ በቅድሚያ እንዲሰጥ የመከረው ይህንን ነው። ሕክምናው በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ ሲሆን ዋና ዋና ሥራዎቹ ግልጽ ናቸው፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መጠቀም፣ 20 ደቂቃ ያህል ተጋድሞ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥቶ ጸጥ ያለ ነገር መሥራትና እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ፣ እንዲሁም አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ በእርግጥ ከሚተኙበት ጊዜ ጋር አቀራርቦ ቀስ በቀስ ማራዘም ናቸው። ይህ የመጨረሻው ክፍል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካምን ስለሚያባብስ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር የተባለው የስሜት መዛባት ያለባቸው፣ እንዲሁም ተሽከርካሪና ከባድ ማሽን የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ያለ ባለሙያ ክትትል ሊሞክሩት አይገባም።

ሦስተኛው የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። በጽኑ ቀውስ ውስጥ ላለ ሰው ለአጭር ጊዜ ሐኪም ሊያዝለት ይችላል። ቤንዞዳያዘፒን የተባሉት መድኃኒቶች ግን ጥገኝነትን ስለሚያስከትሉ፣ ማቆሙም አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ለወራት የሚዘልቅ መፍትሔ አድርጎ መቁጠር አደገኛ ነው። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሰዓት ድልድሉ እስካልተስተካከለ ድረስ የትኛውም ዘዴ ሩቅ አያደርሰውም፤ ይህም ወደሚቀጥለው አማራጭ ይወስደናል።

የሥራውን ጫና መለወጥ

ከሁሉ የከበደውና ብዙ ሰው የሚሸሸው አማራጭ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሌላ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል። ሆኖም ምንጩን በቀጥታ የሚነካው እርሱ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር፣ በስትሮክ የመያዝን ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ቧንቧ በሽታ የመሞትን ዕድል ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ከማድረግ ጋር እንደሚያያዝ ተመልክቷል። የሐኪሞችን ዝለት ለመቀነስ የተሞከሩ ዘዴዎችን አሰባስቦ በ2017 የወጣ ትንተናም፣ የሥራ ድልድልንና የተቋም አሠራርን የለወጡት ዘዴዎች በግለሰቡ ላይ ብቻ ካተኮሩት የተሻለ ውጤት እንዳሳዩ አመልክቷል።

ጫና ሲባል ግን የሥራ ብዛት ብቻ ይመስለናል። ማስላክና ማይክል ላይተር የሥራ ሕይወትን በስድስት ዘርፎች ከፍለው ያዩታል፤ የሥራ ብዛት፣ በሥራው ላይ ያለ የመወሰን ሥልጣን፣ ለድካሙ የሚገኝ ዋጋና ምስጋና፣ የባልደረቦች ግንኙነት፣ ፍትሐዊነት፣ እንዲሁም ሥራው ከራስ እምነትና ዕሴት ጋር ያለው ስምምነት ናቸው። ይህ ክፍፍል ለውሳኔ ትልቅ ጥቅም አለው። ችግሩ የሥራ ብዛት ከሆነ ሥራ መቀነስና ሰዓት መገደብ ይረዳል። የመወሰን ሥልጣን ማጣት ከሆነ፣ የሥራው መጠን ባለበት ሆኖ ቅደም ተከተሉንና ሰዓቱን ራስ መወሰን ብቻ ብዙ ሊያቀልል ይችላል። አድልዎ ወይም ኅሊናን የሚጎረብጥ አሠራር ከሆነ ግን የወር ፈቃድም ሆነ የተቀነሰ ሰዓት ቁስሉን አይነካውም፤ ክፍል መቀየር ወይም ሥራውን መተው በቁም ነገር ሊታሰብ ይገባል። ስለዚህ ከአለቃ ጋር ለመነጋገር ከመሄድ በፊት ከስድስቱ ይበልጥ የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ንግግሩ ፍሬ እንዲያፈራ «ደክሞኛል» ከሚል አቤቱታ ይልቅ ተጨባጭ ሐሳብ ይዞ መቅረብ ይሻላል። በእጅ ያሉትን ሥራዎች ዘርዝሮ የትኛው እንዲቆይ፣ የትኛው እንዲተላለፍ፣ የትኛው እንዲቀር ኃላፊውን ማስወሰን፣ ለለውጡ የአንድ ወር የሙከራ ጊዜ መጠየቅ፣ የተስማሙበትንም በጽሑፍ ማስቀመጥ ከሁለቱም ወገን አለመግባባትን ይቀንሳል። ኃላፊውም ቢሆን ሠራተኛው ታሞ ከሚቀርበት ይልቅ ጫናው ቀንሶለት ቢሠራ እንደሚጠቀም ሊረዳ ይገባዋል። ሥራውን እንዳያጣ የሚሰጋ ሰው ንግግሩን ከመጀመሩ በፊት የቅጥር ውሉንና የሠራተኛ መብቱን ቢያጣራ፣ ካለም የሠራተኛ ማኅበሩን ቢያማክር መልካም ነው። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው የደንበኞቹን ቁጥር ወይም መልስ የሚሰጥበትን ሰዓት ይገድባል፤ አስታማሚ ደግሞ ቢያንስ አንዳንዶቹን ሌሊቶች ለሌላ ሰው ማካፈል የሚችልበትን መንገድ ይፈልጋል።

ፈቃድና ዕረፍት

ፈቃድ መውሰድ የሁሉም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ጥቅሙም እውነተኛ ነው። ነገር ግን የዕረፍት ጥቅም ወደ ሥራ በተመለሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚተን በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ያልተለወጠ ሥራ ላይ ተመልሶ ለሚገባ ሰው ረጅም ፈቃድ የሚያተርፈው የማሰቢያ ጊዜ ብቻ ነው። ያም ቢሆን ጊዜው ከላይ ያለውን ውሳኔ ለማዘጋጀት ከዋለ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛቢነ ዞነንታግና ሻርሎተ ፍሪትስ በ2007 ባቀረቡት ጥናት፣ ዕረፍትን ዕረፍት የሚያደርጉት አራት ነገሮች እንደሆኑ ገልጸዋል፤ ከሥራ በሐሳብ መላቀቅ፣ መዝናናት፣ አዲስ ነገር መልመድና በራስ ጊዜ ላይ ማዘዝ መቻል ናቸው። ስለዚህ የሥራ መልእክት እያዩ የሚያሳልፉት ሁለት ሳምንት፣ ስልክ ተዘግቶ ከሚያልፍ አንድ ምሽት ያነሰ ሊጠቅም ይችላል። ፈቃዱ ውስን ለሆነ ሰው አንድ ረጅም ዕረፍት ከማድረግ ይልቅ በዓመቱ ውስጥ ከፋፍሎ መውሰድና በየዕለቱ ሥራው የሚያበቃበትን ሰዓት ማጽናት የተሻለ ነው።

የሕመም ፈቃድ ለከፋ ደረጃ ለደረሰ ሰው አስፈላጊ ይሆናል። ማገገሙ ሊዘገይ እንደሚችል መታወቅ አለበት፤ ከ2005 ጀምሮ ጽኑ ዝለትን ራሱን የቻለ የምርመራ ስም በሰጠችው በስዊድን፣ አንዳንድ ታካሚዎች ድካሙና የማስታወስ ችግሩ ለዓመታት እንደሚቆይባቸው ታይቷል። አደጋው ፈቃዱ ያለ ዕቅድ ሲራዘም ነው፤ ከሥራ የመራቁ ጊዜ በረዘመ ቁጥር መመለሱ ያስፈራል። በሳምንት ጥቂት ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምር አመላለስ ከፈቃዱ ጅማሬ አንሥቶ ቢታቀድ ይመረጣል።

የአካል እንቅስቃሴ

ከግል ዘዴዎች መካከል በአነስተኛ ወጪ ብዙ ጥቅም የሚሰጠው ይህ ነው፤ እንቅልፍን ያሻሽላል፣ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶችንም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 መመሪያው ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለዛለ ሰው ግን ይህ መድረሻ እንጂ መነሻ ሊሆን አይገባም። ለመጀመር የ10 ደቂቃ የእግር እርምጃ ይበቃል፤ ከእርምጃው በኋላ ከመነሣቱ በፊት ከነበረበት እምብዛም ካልደከመ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር ይቻላል። በእንግሊዝ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተና በ2019 የወጣ ጥናት፣ በሳምንት 120 ደቂቃ በተፈጥሮ አካባቢ ማሳለፍ ከተሻለ ጤንነት ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። ጥናቱ ምክንያትና ውጤትን ባያረጋግጥም፣ እርምጃውን ዛፍ ባለበት ስፍራ ማድረግ ተጨማሪ ወጪ የለውም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ከቀላል እንቅስቃሴ በኋላ በማግስቱ ወይም ከዚያ ወዲያ ለቀናት የሚያስተኛ ድካም የሚደርስበት ሰው ራሱን እያስገደደ መቀጠል የለበትም። ይህ ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል እንቅስቃሴውን ገትቶ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

የሥነ ልቦና ሕክምና

ፍጹም ለመሆን የሚጣጣር፣ እምቢ ማለት የማይችል ወይም የራሱን ዋጋ በሥራው ብቻ የሚለካ ሰው፣ ሥራ ቢቀይር እንኳ ያንኑ ጫና በአዲሱ ቦታ ይፈጥራል። ለዚህ ሰው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው። ማስረጃው ውጥረትንና ጭንቀትን በመቀነስ ረገድ ጠንካራ ነው፤ ወደ ሥራ በመመለስ ረገድ ግን ሥራው ራሱ የሕክምናው አካል ሲሆን የተሻለ እንደሚሠራ በኔዘርላንድ የተደረገ ጥናት ጠቁሟል። ስለዚህ ባለሙያ ሲመረጥ ፈቃድ ያለው መሆኑን ከማረጋገጥ ባሻገር፣ ስንት ጊዜ መገናኘት እንደሚያስፈልግ፣ ግቡ ምን እንደሆነና የሥራው ሁኔታም እንደሚነሣ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ደካማ ጎኑ ወጪውና የባለሙያ እጥረቱ ነው። አቅም ለሚያጥረው ሰው የቡድን ሕክምና ወይም በባለሙያ የሚደገፍ የኢንተርኔት ትምህርት አማራጭ ይሆናል። ለዝለት ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት የለም፤ የድባቴ መድኃኒቶች የሚታዘዙት ድባቴ ወይም የጭንቀት ሕመም አብሮ ሲኖር ነው።

ከባለሙያ ውጭ ያለው የሰው ድጋፍም መዘንጋት የለበትም። ዝለት ሰውን ከሰው ያርቃል፤ የሚያምኑት አንድ ሰው ሳይፈርድና መፍትሔ ለመስጠት ሳይቸኩል ሲያዳምጥ ሸክሙ ይቀልላል። ይህ ከሕክምናው ጎን የሚሄድ እንጂ በሕክምና ፋንታ የሚቆም አይደለም።

ጥሞናና አተነፋፈስ

በጆን ካባት-ዚን በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በጥሞና (ሐሳብን ሳይፈርዱ አሁን ባለው ቅጽበት ላይ በማሳረፍ ተመስጦ) ላይ የተመሠረተ የውጥረት መቀነሻ ፕሮግራም 8 ሳምንት ይፈጃል፤ በየሳምንቱ ከ2 ሰዓት በላይ የሚወስድ የቡድን ትምህርትና በየቀኑ የሚደረግ የቤት ልምምድ አለው። በውጥረት ላይ መጠነኛ ውጤት እንዳለው በደንብ ተጠንቷል። ነገር ግን የሚጠይቀው ጊዜና ትኩረት ለከፋ ዝለት አይስማማም፤ ጥቂት ካገገሙ በኋላ ቢጀመር ፍሬው ይበልጣል። ከባድ የሥነ ልቦና ጉዳት ያሳለፉ ሰዎች ዓይን ጨፍኖ በዝምታ መቀመጥ ትዝታውን ሊቀሰቅስባቸው ስለሚችል፣ በሠለጠነ ሰው ድጋፍ ቢሞክሩት ይመረጣል፤ ወይም በዝግታ መንቀሳቀስን ከአተነፋፈስ ጋር የሚያጣምረውን ዮጋ ሊመርጡ ይችላሉ።

ዝግ ያለ አተነፋፈስ ግን ማንም ሊጀምረው ይችላል። በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል መተንፈስ፣ ማለትም ለ4 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ ለ6 ሰከንድ ወደ ውጭ፣ ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል የልብ ምትን ያረጋጋል። 5 ደቂቃ ይበቃዋል። በዚያች ሰዓት የሚያረጋጋ መሣሪያ መሆኑ ግን ሊታወቅ ይገባል። የውጥረቱን ምንጭ አይነካም፤ ስለዚህ የሥራ ጫናውን ባለበት ትቶ ለሠራተኞቹ የአተነፋፈስ ሥልጠና ብቻ የሚሰጥ ተቋም ኃላፊነቱን ተወጥቷል ማለት አይቻልም።

ማሟያዎች፣ ማሳጅና «የአድሬናል ድካም»

በዚህ ክፍል ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። አሽዋጋንዳ የተባለው ተክል በአነስተኛና አጭር ጥናቶች የውጥረት ስሜትን እንደቀነሰ ታይቷል፤ ነገር ግን በጉበት ላይ ጉዳት እንዳደረሰ የሚገልጹ ሪፖርቶች አሉ፣ ከታይሮይድ መድኃኒት ጋር ሊጋጭ ይችላል፣ ለነፍሰ ጡርም አይመከርም። ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ደግሞ ከድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ አደገኛ ሲሆን፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልንም ኃይል ያሳጣል። ከዕፅዋት መገኘታቸው ጉዳት የለሽ አያደርጋቸውም። ማሳጅ ጡንቻን ያፍታታል፣ ለጥቂት ጊዜም ያሳርፋል፤ ገንዘብ ላለው ሰው መልካም ነው። ውጥረት ከኩላሊት በላይ ያሉትን የአድሬናል ዕጢዎች ያደክማል በሚል እምነት «የአድሬናል ድካም» ምርመራና ሕክምና ተብሎ የሚሸጠውን ግን የሆርሞን ሐኪሞች እንደ በሽታ ስለማያውቁት ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የሚሠራበት ቦታ | ማስረጃ | የሚጠይቀው አቅም | ወጪ | ለውጥ የሚታይበት ጊዜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ለእንቅልፍ ማጣት የተዘጋጀ ሕክምና | የተጎዳውን አቅም መጠገን | ጠንካራ | መካከለኛ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ሳምንታት |
| የሥራ ጫናን መለወጥ | ምንጩ | ጥሩ፣ እንደ ተቋሙ የሚለያይ | ለመጀመር ከፍተኛ፣ በኋላ ዝቅተኛ | ገቢ ሊቀንስ ይችላል | ከሳምንታት እስከ ወራት |
| ፈቃድና ዕረፍት | አቅምን መጠገን | ለአጭር ጊዜ ጥሩ | ዝቅተኛ | ይለያያል | ቀናት፣ ግን ቶሎ ይጠፋል |
| የአካል እንቅስቃሴ | ምላሽና አቅም | ጠንካራ | ከዝቅተኛ ሊጀመር ይችላል | ነጻ | ሳምንታት |
| የሥነ ልቦና ሕክምና | ምላሽና አስተሳሰብ | ጠንካራ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ከሳምንታት እስከ ወራት |
| የ8 ሳምንት የጥሞና ፕሮግራም | ምላሽ | መጠነኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ወደ 2 ወር |
| ዝግ ያለ አተነፋፈስ | ምላሽ | ለጊዜያዊ እፎይታ ጥሩ | በጣም ዝቅተኛ | ነጻ | ደቂቃዎች |
| የዕፅዋት ማሟያ | ምላሽ | ደካማ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | በእርግጠኝነት አይታወቅም |
| ማሳጅ | ምላሽ | ለጊዜያዊ እፎይታ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ | ወዲያው፣ ግን አይቆይም |

ለማን የትኛው?

ገንዘብም ጊዜም የሌለው ሰው በሁለት ነገሮች ቢጀምር ይበቃዋል፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣትና የ10 ደቂቃ እርምጃ። ውጥረቱ በሚበረታባቸው ሰዓቶች ዝግ ያለ አተነፋፈስን ይጨምርበታል። እነዚህ ሦስቱ ነጻ ናቸው፤ እንቅልፉ ሲሻሻል ደግሞ ከኃላፊው ጋር ለሚያደርገው ንግግር የሚሆን ጉልበት ያገኛል።

ገንዘብ ያለው፣ ጊዜ ግን የሌለው ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ማሟያና ማሳጅ ያደላል፤ ገንዘቡን በሥነ ልቦና ሕክምና ላይ ቢያውል ይሻለዋል። ጊዜ ማጣቱ ራሱ ዋናው ምልክት ስለሆነ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ለሕክምና ማግኘት ካልቻለ የመጀመሪያው እርምጃው የሥራ ጫናውን መቀነስ ሊሆን ይገባል።

ማለዳ ከአልጋ መነሣት፣ ማንበብ ወይም ቀላል ውሳኔ መወሰን እንኳ የተሳነው ሰው ምንም አዲስ ልምምድ መጀመር የለበትም። የሕክምና ምርመራ፣ የሕመም ፈቃድና እንቅልፍ ለእርሱ ይቀድማሉ፤ ቀጠሮ መያዝን የመሳሰሉ ጉዳዮችን የቤተሰብ አባል ቢያስፈጽምለት ትልቅ እገዛ ነው። በተቃራኒው ምልክቶቹ ገና የጀመሩት ሰው፣ ማለትም ቅዳሜና እሑድ ካረፈ በኋላ የሚያገግመው፣ ሰፊ ምርጫ አለው፤ የጥሞና ፕሮግራምም ሆነ ጠንከር ያለ ስፖርት ይስማማዋል። ከስድስቱ የሥራ ዘርፎች የትኛው እንደሚጎዳው ለይቶ ማስተካከልም ለእርሱ ከሁሉም ይልቅ ይቀልለዋል፤ ገና ለመደራደር አቅም አለውና።

ሥራውን ፈጽሞ መለወጥ ለማይችል ሰው፣ ለምሳሌ ለብቻው ለሚያስታምም፣ ምንጩን መንካት አይቻል ይሆናል። እርሱ ሊያተኩርበት የሚገባው ማንም ሊወስድበት በማይችለው የተወሰነ የዕረፍት ሰዓት ላይ ነው፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ቦታውን እንዲይዝለት ማድረግ ከማንኛውም ልምምድ በላይ ይጠቅመዋል።

የተመረጠው አማራጭ ይሥራ አይሥራ ለማወቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ነገሮችን ከ0 እስከ 10 መዝግቦ ማስቀመጥ ይበቃል፤ የእንቅልፍ ጥራት፣ ጠዋት ላይ ያለ ጉልበት፣ ስለ ሥራ ሲያስቡ የሚሰማ ስሜት። ቁጥሮቹ በአንድ ሳምንት ከፍ በሌላው ዝቅ ማለታቸው የሚጠበቅ ስለሆነ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍና ጉልበት ተሻሽለው ስለ ሥራው ያለው ስሜት ብቻ ባለበት ከቀረ፣ የቀረው ችግር ሥራው ውስጥ ነውና ሌላ የማረጋጊያ ዘዴ መጨመር አያስፈልግም። ሦስቱም ካልተነቃነቁ ደግሞ የሕክምና ምርመራው እንደገና መታየት አለበት፤ በተለይ ድባቴና በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰተው የትንፋሽ መቆራረጥ በመጀመሪያው ምርመራ ላይ ሳይታዩ ሊያልፉ ይችላሉ።